ስሙ ውስጥ አርባ ያለበት ሙዚቃ፦ ጅማ ላይ የማዳመጫ ምሽት ያዘጋጀሁበት መንገድ

በስማቸው አንድ ቁጥር የያዙ ዘፈኖችንና ባንዶችን ሰብስቦ የማዳመጫና የጥያቄ ምሽት ለማዘጋጀት ሲታሰብ ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሰባት ወይም አንድ ነው። እኔ አርባን መረጥሁ። የሀገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ሲነሣ ከፊት ከሚጠሩት ስሞች አንዱ «አርባ ልጆች» የተባለው ባንድ ነው፤ ያንን ትቶ ሌላ ቁጥር መያዝ አልተዋጠልኝም። በዚያ ላይ አርባ ጅማ ላይ ለሚሰበሰብ ሰው ሁሉ ቅርብ ነው። ክርስቲያኑ ወንድ ልጁን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያስነሣል፣ በሙስሊሙም ቤት ለአራስ አርባ ቀን ይቆጠራል።

ይኸው ቅርበት ግን ማስታወቂያው ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «የአርባ ምሽት» ተብሎ ከተለጠፈ ከሩቅ ለሚያነበው ሰው የሟች አርባ ነው የሚመስለው። «ስሙ ውስጥ 40 ያለበት ሙዚቃ» ተብሎ ቁጥሩ በአሃዝ፣ ሙዚቃ የሚለው ቃል ደግሞ ከቁጥሩ እኩል ገዝፎ ቢጻፍ አይምታታም። ሰዓቱን ከ11፡30 እስከ 1፡00 አደረግሁት፤ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡ ተማሪዎች ባጃጅ ሳይጠፋ እንዲመለሱ።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ደንብ ነው፣ ያውም በጽሑፍ። ካልተጻፈ ገና በመጀመሪያው ዘፈን «ይኼኛውስ ለምን ቀረ?» የሚል ይነሣል፣ ምሽቱም ክርክር ሆኖ ያልቃል። የእኔ ደንብ ይህ ነበር፦ 40 በባንዱ ስም ወይም በሥራው ርእስ ውስጥ ራሱን ችሎ ይገኝ። በፊደልም በአሃዝም፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ይገባል። ግጥሙ ውስጥ ብቻ ቢጠራ አይገባም። ከ140 ወይም ከ1940 ተቆርጦ የወጣ 40ም አይገባም። በዚህ ደንብ የካናዳው ሰም 41 እና የእንግሊዙ ሌቭል 42 ከደጅ ቀሩ። አርባ ምንጭን በርእሳቸው የሚጠሩ ዘፈኖች ግን ገቡ፤ የከተማዋ ስም ምንጮቿን ቆጥሮ የወጣ ነውና። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1970 በኬሲ ኬሰም አቅራቢነት የጀመረው አሜሪካን ቶፕ 40 የሬዲዮ ዝግጅት እንጂ ባንድም ዘፈንም ስላልሆነ ለጥያቄ ብቻ አስቀመጥሁት። ከውጭ በመቅረቱ ከልቤ ያዘንሁበት ሥራ የቶማስ ታሊስ «ስፔም ኢን አሊየም» ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ለአርባ የተለያዩ ድምፆች የተጻፈ መዝሙር ነው፤ አርባው ግን በድርሰቱ እንጂ በስሙ ውስጥ የለም። ለአንድ ተወዳጅ ሥራ ብሎ ደንብ የሚያላላ ሰው ለሁለተኛው እምቢ ማለት አይችልም።

ፍለጋው ላይ 40 ብሎ አንድ ጊዜ ጽፎ መተው ግማሹን ያስቀራል። 40፣ ፵፣ አርባ፣ በአፋን ኦሮሞ አፉርታማ፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ ፎርቲ ብላችሁ ለየብቻ ፈልጉ። በሮማ ቁጥር መፈለግ አይጠቅምም፤ ኤክስ ኤል ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው የልብስ መጠን ነው። «አርባ ልጆች»ን በላቲን ፊደል ስትፈልጉ አጻጻፉ አንድ ወጥ አለመሆኑን አስቡ፤ «ጆ»ን አንዱ በአንድ ተነባቢ፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። ዓመት ስታጣሩ ስልክ ላይ ያሉ የሙዚቃ መተግበሪያዎች የሚያሳዩትን አትመኑ። ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ሥራው በስብስብ አልበም የታተመበትን ወይም ድምፁ የታደሰበትን ዓመት ነው፤ በ1950ዎቹ የተቀረጸ ብሉዝ የ2000ዎቹ ሆኖ ይገኛል። የጥያቄ ምሽት ላይ ይህ ነጥብ ያስከፍላል።

የምሽቱ እምብርት «አርባ ልጆች» ነው፣ ጊዜም የሚገባው ለእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ በአርመኖች ገዳም ያገኟቸው፣ ከአርመን እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ናቸው። አርባውን አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ኬቮርክ ናልባንዲያን ሙዚቃ አስተምሮ መራቸው። የመንግሥት ኦርኬስትራ የሚባል ነገር የጀመረው በእነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል የተሰማውን የሕዝብ መዝሙር ዜማ የደረሰውም ኬቮርክ ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የኬቮርክ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሙዚቀኞችን እያሠለጠነና ሙዚቃ እያቀናበረ ትልቅ አሻራ ትቷል።

ይህን ለማቅረብ አንድ ችግር አለ፦ ባንዱ ራሱ የተጫወተው ቅጂ በእጄ የለም። ሌላ ባንድ አጫውቶ «እነሆ አርባ ልጆች» ማለት አዳማጩን ማታለል ነው። ስለዚህ 90 ሰከንድ የሚነበብ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ከሥሩ በትራምፔትና በትሮምቦን የሚመራ የኢትዮጵያ መሣሪያ ሙዚቃ ዝቅ አድርጌ አስገባሁ፤ የማን እንደሆነም ቀድሜ ተናገርሁ። ከሥር የሚገባው ሙዚቃ ከአንባቢው ድምፅ ቢያንስ 15 ዴሲቤል ይነስ፤ ከዚያ ካለፈ የስም አጠራር ይጠፋል። የዘውዱን ዘመን መዝሙር ግን አላጫወትሁም። ታሪኩን መናገር ይበቃል፤ መዝሙሩ ራሱ ከተሰማ ወሬው ከሙዚቃ ወጥቶ ወደ ፖለቲካ ይሄዳል፣ ለ«አርባ ልጆች» የተያዘው ጊዜም ያልቃል።

ዩቢ40 ያለ ክርክር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1978 በርሚንግሃም የተቋቋመ የሬጌ ባንድ ነው፤ ስሙ እንግሊዝ ውስጥ ሥራ አጦች የድጎማ ገንዘብ ለመጠየቅ ይሞሉት ከነበረው ቅጽ የተወሰደ ነው። በ1980 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋንም ያንኑ ቅጽ ያሳያል፤ ሽፋኑን አሳትሞ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ከማንኛውም ማብራሪያ ይሻላል። ከዘፈኖቻቸው ዝነኛው ስለ ቀይ ወይን የሚያወራው ነው። እኔ ግን አልኮል በማይቀርብበት፣ ቤተሰብ በተቀመጠበት ካፌ በ1989 የተጫወቱትን «ኪንግስተን ታውን» መረጥሁ። ዘፈኑ ቀድሞ የሎርድ ክሪኤተር ነው፤ እዚህም ሰው በደንብ ያውቀዋል፣ አብሮም ይዘፍነዋል።

የአየርላንዱ ባንድ የዩቱ (U2) «40» በ1983 ከወጣው «ዋር» አልበም የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ርእሱም ግጥሙ ከተወሰደበት ከመዝሙረ ዳዊት 40 የመጣ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የግዕዙ ዳዊት የሰባ ሊቃናትን አቆጣጠር ስለሚከተል ይኸው መዝሙር እዚያ 39ኛው ነው፣ «ጸኒሐ ጸናሕክዎ ለእግዚአብሔር» የሚለው። ጅማ ላይ ዳዊት የሚደግም ሰው ከአዳማጩ መካከል አይጠፋምና ቁጥሩን አስቀድማችሁ አስረዱ። አቅራቢው በራሱ ከተናገረው ዕውቀት ይሆናል፤ ከተጠየቀ በኋላ ከተናገረው ማምለጫ ይመስላል። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ባንዱ ለብዙ ዓመታት የመድረክ መዝጊያ አድርጎታል፤ ሕዝቡ እየዘፈነ ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ፣ ከበሮ መቺው በመጨረሻ።

በአርባው ስብስብ ውስጥ አዳማጩን ከሁሉ በላይ ያነቃቃል የምለው የሞዛርት ሲምፎኒ ቁጥር 40 ነው። በ1788 በጋ ከ39ኛውና ከ41ኛው ጋር ተከታትሎ የተጻፈ ነው። ቁጥሩን የሰጡት በኋላ የመጡ አሳታሚዎች እንጂ ሞዛርት ራሱ አይደለም። መክፈቻውን የድሮ ስልክ ጥሪ አድርጎ የሚያስታውሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ሁለት ደቂቃ ብቻ አሰምታችሁ ወዲያው የሊባኖሳዊቷን ዘፋኝ የፌሩዝን «ያ አና ያ አና» አስከትሉ። ዜማው ያው ነው፤ የራህባኒ ወንድማማቾች ከሞዛርት ወስደው ለእሷ አቀናብረውታል። ርእሱ ቁጥር ስለሌለው በደንቡ አይገባም፤ በጥያቄነት ግን «ይህን ዜማ አሁን የት ሰማችሁት?» ለማለት ከዚህ የተሻለ የለም። የዐረብኛ ሙዚቃ ሲሰሙ ያደጉ የጅማ ሰዎች ፌሩዝን በድምፅዋ ይለዩዋታል፤ ሞዛርትን የማያውቅም ነጥብ ያገኝበታል።

የቀሩትን ባጭሩ። የመዲ ዋተርስ «ፎርቲ ዴይስ ኤንድ ፎርቲ ናይትስ» የ1956 የቺካጎ ብሉዝ ነው። የሮኒ ሃውኪንስ «ፎርቲ ዴይስ» በ1959 ሲወጣ የቸክ ቤሪን የ1955 «ሠርቲ ዴይስ» ቁጥሩን ከሠላሳ ወደ አርባ ከፍ አድርጎ የሠራው ነው። ሁለቱን 30 ሰከንድ ሰላሳ ሰከንድ አከታትላችሁ አሰሙ፣ ሰው ወዲያው ይይዘዋል። የዱዋን ኤዲ «ፎርቲ ማይልስ ኦቭ ባድ ሮድ» የ1959 ያለ ግጥም የጊታር ሥራ ስለሆነ መልስ ሲሰበሰብ ከሥር ለማጫወት ይመቻል።

ድምፅ ማስተካከል ላይ አትቸኩሉ። የ1956 ቅጂና የ1989 ቅጂ ጎን ለጎን ሲሰሙ ሁለተኛው ጆሮ ይመታል። ከፍተኛ ጫፋቸውን ብቻ እኩል ማድረግ አያድንም፤ ጫፋቸው እኩል ሆኖ አማካይ ጉልበታቸው በጣም ይለያያልና። በኦዳሲቲ ውስጥ ባለው የአማካይ ድምፅ ማስተካከያ ሁሉንም ወደ ‑14 ኤል.ዩ.ኤፍ.ኤስ. (LUFS፣ የአማካይ ድምፅ ጉልበት መለኪያ) አምጡ፣ ጫፉም ከ‑1 ዴሲቤል አይለፍ። ሞዛርትን ግን በዚያ ልክ አትግፉት፤ ዝቅታና ከፍታው ሰፊ ስለሆነ ከፍ የሚልበት ቦታ ይቆራረጣል። ‑18 ላይ ተዉትና ሲጫወት በእጅ ከፍ አድርጉት። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የስቴሪዮ ቅጂዎች ላይ ጊታሩ በአንድ ወገን፣ ከበሮው በሌላው ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ስፒከሮች በተለያየ ጥግ ባሉበት ካፌ ግማሹ ሰው ግማሹን ሙዚቃ ብቻ ይሰማል፤ ስለዚህ ሁሉንም ወደ ሞኖ ቀይሩ።

ፋይሎቹን 01፣ 02 እያላችሁ ሰይሟቸው። 1፣ 2 ካላችሁ መሣሪያው ከ1 ቀጥሎ 10ን ያጫውታል። በሚክሰሩ ላይ ፍላሽ የምትሰኩ ከሆነ ፍላሹ ፋት32 (FAT32) በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት ይደረግ፣ የፋይሉ ስምም በላቲን ፊደል ይሁን፤ ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች የግዕዝ ፊደልን በባዶ ሳጥን ነው የሚያሳዩት።

ከዚያ ጅማ ናትና ዝናቡ አለ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ጩኸት የከፍተኛውን ድምፅ ክልል ሁሉ ይሸፍናል። ትሬብል መጨመር ጆሮ ከማድከም በቀር አይረዳም። የሚረዳው ሰውን ማቅረብ ነው፤ በርጩማዎቹን ወደ ስፒከሩ አስጠግቶ ርቀቱን በግማሽ መቀነስ ብቻውን ብዙ ያስተካክላል። ለማይክሮፎኑ ከ1 እስከ 3 ኪሎኸርዝ ያለውን 3 ዴሲቤል ያህል ከፍ አድርጉ። ቅደም ተከተሉንም ሁለት አድርጋችሁ ያዙ፤ ዝናብ ከመጣ ሞዛርትና የዩቱ መዝጊያ ይቆዩ፣ ዩቢ40 እና መዲ ዋተርስ ይቅደሙ። በክረምት ወራት ሁለተኛውን ዝርዝር እንደ መጠባበቂያ አትዩት፣ የመጀመሪያው እሱ ነው።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሣ ሙዚቃው እንዳይቋረጥ ላፕቶፑንና ሚክሰሩን ብቻ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ስኩ። ስፒከሮቹን እዚያው ከሰካችሁ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሱታል፤ ለእነሱ ባትሪ ያለው ትንሽ ስፒከር ተጠባባቂ ይሁን። ለሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከርና ለጥቂት አምፖል 2 ኪሎዋት ጄኔሬተር በቂ ነው። ከግድግዳ ጀርባ፣ ጭሱ ወደ ውስጥ በማይገባበት ይቀመጥ። ቻርጀር ሲሰካ ከስፒከሩ እምምም የሚል ድምፅ ከወጣ መንሥኤው የመሬት ሽቦው ዑደት ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ወይም በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል ዲ.አይ. ቦክስ (የሁለቱን የመሬት ሽቦ የሚለያይ ትንሽ ሣጥን) አስገቡ።

ቅጂ ማጫወት በሕዝብ ፊት ሲሆን የባለመብት ጉዳይ ይመጣል፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ይመለከቱታል። መግቢያ የምታስከፍሉ ከሆነ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ጥያቄው 10 ሆኖ እያንዳንዱ 4 ነጥብ ይያዝበት፤ ድምሩ 40 ይመጣል። ከአራቱ አንዱ ነጥብ ለዓመቱ፣ አንዱ ለሀገሩ፣ ሁለቱ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ላወቀ ይሰጥ። ከአራት የማይበልጡ ሰዎች በአንድ ወረቀት ይጻፉ። ጥያቄዎቹ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይነበቡ፤ ሁለተኛው ንባብ የመጀመሪያውን ቃል በቃል የሚከተል ሳይሆን በቋንቋው አዋቂ አስቀድሞ የተጻፈ ይሁን፣ በቦታው የሚደረግ ትርጉም ፍንጭ ያሾልካል። ሁለት ቡድኖች እኩል ከወጡ የታሊስን መዝሙር አንድ ደቂቃ አሰሟቸውና አርባው ድምፅ በስንት መዘምራን እንደተከፈለ ጠይቁ። መልሱ ስምንት ነው፣ አምስት አምስት ሆነው።