ሰልጣኙ ጋዜጠኛና ያላስረከበው ማስታወሻ

ዊሊያም ጉድዊን “ዘ ኢንጂነር” በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በሰልጣኝ ጋዜጠኝነት ከተቀጠረ ሦስት ወር ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1989፣ ስልክ ተደወለለት። ደዋዩ ከዚያ በፊትም ስለ ኩባንያዎች መረጃ ያቀብለው የነበረ ሰው ነው። ቴትራ የተባለ ኩባንያ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ለመበደር እየሞከረ መሆኑን፣ የዓመቱ ሽያጩ 20.3 ሚሊዮን ፓውንድ ቢሆንም 2.1 ሚሊዮን ይከስራል ተብሎ እንደሚጠበቅ ነገረው። ክፍያ አልጠየቀም፤ ስሙ እንዳይነሳ ብቻ ነው የፈለገው። ጉድዊን የሰማውን ማስታወሻው ላይ አሰፈረ።

ኖቬምበር 6 እና 7 ሥራውን የሚያከብር ጋዜጠኛ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ መረጃውን ለማጣራትና ምላሽ ለመጠየቅ ቴትራ ዘንድ ደወለ። ኩባንያው የነቃው በዚያ ስልክ ነው። ምስጢራዊው የሥራ ዕቅድ ረቂቅ የተባዛው በ8 ቅጂ ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱም ቁጥር አለው። አንደኛው ቅጂ ኖቬምበር 1 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሰው ካልነበረበት ክፍል ጠፍቷል። የጋዜጠኛው ጥያቄ ከጠፋው ሰነድ ጋር ገጠመ። ኖቬምበር 14 መጽሔቱ ምንም እንዳያትም የእግድ ትዕዛዝ ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ቴትራ እግዱን ለአገሪቱ ጋዜጦች ሁሉ አሳወቀ። ኖቬምበር 22 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ጉድዊን ማስታወሻውን እንዲያስረክብ አዘዘ።

ምላሽ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ለዚህ ማንም ጉድዊንን ሊወቅሰው አይገባም። ዛሬ በዜና ክፍል ልምድ ያለው ሰው ግን ከመደወሉ በፊት ወደ ምንጩ ተመልሶ ይጠይቃል፦ ይህን ወረቀት ስንት ሰው ያውቀዋል? ስንት ቅጂ አለ? ቅጂዎቹ ቁጥር ወይም ምልክት አላቸው? ይህ ቁጥር የተነገረበት ስብሰባ ላይ ማን ማን ነበር? መልሱ “ሦስት ሰው” ከሆነ 2.1 እና 20.3ን ጎን ለጎን አንስቶ መጠየቅ ምንጩን በጣት እንደመጠቆም ነው። ለኩባንያው “ዘንድሮ ኪሳራ ይጠበቃል ወይ?” ብሎ በሰፊው መጠየቅ ይቻላል፤ ትክክለኛው አኃዝ ሁለተኛ ምንጭ ወይም የአደባባይ ሰነድ እስኪገኝለት ይቆያል።

ጉድዊን የሕግ ከለላ አልነበረውም ማለት አይደለም። በእንግሊዝ የ1981ዱ ችሎት የመድፈር ሕግ ክፍል 10፣ ፍርድ ቤት ምንጩን እንዲናገር ማንንም ማስገደድ እንደማይችል ይደነግጋል። ከዚያ “ካልሆነ በስተቀር” ይመጣል፦ ለፍትሕ ጥቅም፣ ለብሔራዊ ደኅንነት፣ ሁከትን ወይም ወንጀልን ለመከላከል አስፈላጊ ሲሆን። ዳኞቹ ሰነዱን የወሰደውን ሰው ለይቶ መክሰስ “ለፍትሕ ጥቅም” ውስጥ ይገባል አሉ። የከለላ ሕግ ሲነበብ ዓይን መጀመሪያ ማረፍ ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ዋናው ዓረፍተ ነገር በየአገሩ ይመሳሰላል፣ ልዩነቱ ያለው በስተቀሩ ውስጥ ነው።

ይግባኙ እስኪወሰን ማስታወሻውን በታሸገ ፖስታ ለፍርድ ቤት እንዲያስቀምጥ አማራጭ ተሰጠው። እሺ ቢል፣ ይግባኙን በተሸነፈ ማግስት ፖስታው ይከፈታል። እምቢ አለ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ኤፕሪል 4 ቀን 1990 ፈረደበት፤ ከስድስት ቀን በኋላ ችሎት በመድፈር 5,000 ፓውንድ ተቀጣ። ምንጩ ግን አልታወቀም።

ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ11 ለ7 ድምፅ የፈረደለት ማርች 27 ቀን 1996 ነው። ክርክሩን ያሸነፈው ምክንያት ቀላል ነው፦ እግዱ ወሬው በፕሬስ እንዳይሰራጭ አስቀድሞ አግዶታል፣ ስለዚህ በዚያ ላይ ምንጩን ለማጋለጥ የሚያበቃ በቂ ምክንያት አልነበረም። ማንኛውም የሚዲያ ጠበቃ ዛሬም መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ ይኸው ነው፤ የሚፈለገው ነገር ምንጩ ሳይነካ በሌላ መንገድ ሊገኝ ይችላል ወይ?

በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ ምክር ቤት ምንጭን የሚያጋልጥ መረጃ የሚባለው ምን እንደሆነ ሲዘረዝር ስም ላይ አልቆመም። ድምፅና ምስል፣ መረጃው የተገኘበት ሁኔታ፣ ያልታተመው ክፍል፣ የጋዜጠኛው የራሱ የሥራ መረጃም ምንጩን የሚያሳውቅ እስከሆነ ድረስ ይካተታል። ዝርዝሩ የቢሮን ኑሮ በሚያውቁ ሰዎች የተጻፈ ይመስላል። “ስሙን አልተናገርኩም” የሚል ጋዜጠኛ የስልክ ዝርዝሩ ላይ የ14 ደቂቃ ጥሪ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። በዲሴምበር 2012 አንድ መጽሔት ከፖሊስ ሸሽቶ የነበረውን፣ በኮምፒውተር ጸረ-ቫይረስ ሶፍትዌር የታወቀውን የጆን ማካፊን ፎቶ ሲያወጣ፣ ስልኩ ፋይሉ ውስጥ የመዘገበውን የቦታ መረጃ ሳያጠፋ ለቀቀው፤ ሰውየው ጓቲማላ መሆኑ ወዲያው ታወቀ። ማንም አስገድዶ አልጠየቃቸውም።

ቃል የሚሰጠው ማን እንደሆነም ቀድሞ ይለይ። በ1982 ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ የሁለት ጋዜጦች ዘጋቢዎች ለአንድ ሰው ስምህ አይወጣም ብለው ቃል ገቡ፤ አርታኢዎቹ ሻሩትና ስሙን አተሙ። ሰውየው በዚያው ቀን ከሥራው ተባረረ። ክሱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1991 የፕሬስ ነፃነት ከተጠያቂነት እንደማያድናቸው ተወሰነ፤ 200,000 ዶላር ካሳ ጸናባቸው። እንግዲህ ዘጋቢው ቃል ከመግባቱ በፊት አርታኢው ይወቅ፣ ይስማማ። ስሙን የሚያውቀው ሰው ብዛት ግን ከሁለት ባይበልጥ ይመረጣል።

ፖሊስ ወይም መጥሪያ አድራሽ በር ላይ ሲቆም ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። ወረቀቱን ተቀበል፣ የፈረመው ዳኛ ነው ወይስ ዐቃቤ ሕግ ብለህ እይ፣ ጠበቃ ጥራ፣ እስከዚያ ድረስ “እሱ ነው? እሷ ናት?” ለሚል ጥያቄ “አይደለም” እንኳ አትበል፤ አምስት ጊዜ “አይደለም” ያለ ሰው ስድስተኛው ላይ ዝም ሲል ነግሯል። ማን እንደፈረመው የሚታየው በከንቱ አይደለም። ከኔዘርላንድስ በመጣው የሳኖማ ጉዳይ መጽሔቱ በዐቃቤ ሕግ ትዕዛዝ፣ እየተቃወመ፣ የፎቶ ሲዲ አስረክቦ ነበር፤ የስትራስቡርጉ ታላቅ ችሎት በሴፕቴምበር 2010፣ ርክክቡ ከመፈጸሙ በፊት ነፃ የሆነ ዳኛ ሊመረምረው ይገባ ነበር ብሎ ፈረደ።

ትዕዛዙ ከደረሰ በኋላ ማስታወሻ መቅደድ ወይም ፋይል መሰረዝ በብዙ አገር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የሚወገደው በሰላሙ ጊዜ፣ ለሁሉም ዘገባ እኩል በሚሠራ የተጻፈ ደንብ ነው። የምንጩ ስምና ስልክ ከመነሻውም ከንግግሩ ማስታወሻ ጋር በአንድ ገጽ አይጻፍ፤ ደብተሩ ላይ የሚቀመጠው ምልክት የስሙ መነሻ ፊደል ወይም የመሥሪያ ቤቱ አሕጽሮት አይሁን።