ለሸማኔ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ተባልኩ

በመንግሥት ትምህርት ቤት የባህል ወርክሾፕ ለማካሄድ ገንዘብ ልታፈላልጉ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ገንዘቡን ማግኘት ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ በየትኛው በር ይግባ የሚለው ነው። ለእኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲኬድ። አንድ ዴስክ ላይ የጋሞ፣ የጉራጌና የኦሮሞ ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። ስለ ባህላቸው የሚያውቁት ግን በአብዛኛው ህዳር 29 ሲደርስ በኪራይ የሚለብሱትን ልብስ ነው። ቀኑ በ1987 ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ነው፣ ይከበር። ግን ግማሽ ቀን ተጨፍሮ ልብሱ ለአከራዩ ሲመለስ ልጁ እጅ ላይ ምን ቀረ? እኛ የፈለግነው ባለሙያው ራሱ ትምህርት ቤት መጥቶ፣ ሳምንት እየቆጠረ፣ ልጆቹን እያሠራ እንዲያስተምር ነበር። ሽመና፣ ክራርና ማሲንቆ፣ ከደቡብ ደግሞ ፊላ የሚባለው የደራሼ የትንፋሽ መሣሪያ።

ፕሮፖዛሉ አጭር ነበር። ርዕሰ መምህሩ ወዲያው ፈረሙ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረቱም (ወተመህ) ደገፈን። ከአንድ ኤምባሲ አነስተኛ የባህል ድጋፍ ተፈቀደልን። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ከዚያ የትብብር ደብዳቤ ልንወስድ የሄድንበት ቢሮ «ማንኛውም ድጋፍ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ገቢ ይሆናል» አለን። መመሪያ ነው፣ ምን ይባላል? ገንዘቡ ገባ፣ በሞዴል 64 ደረሰኝ ተቆረጠ፣ ተጨባበጥን። የትምህርት ቤቱ ሒሳብ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በጋራ በሚጠቀሙበት የፋይናንስ ፑል ነው። ያ ብር ከዚያች ቀን ጀምሮ የመንግሥት ብር ሆነ። የሚወጣውም እንደ መንግሥት ብር ነው።

ለሸማኔው የመጀመሪያውን ክፍያ ልጠይቅ ሄድኩ። ባለሙያዋ ሰነዱን አገላብጣ አየችው።

«ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል።»

«የምን ፕሮፎርማ?»

«የሸማኔው ነዋ። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን ነምበር) እና ሕጋዊ ደረሰኝ ካላቸው ሦስት አቅራቢዎች የዋጋ ማቅረቢያ።»

ሽሮ ሜዳ ቤታቸው ውስጥ የሚሸምኑ አባት ናቸው፣ ድርጅት አይደሉም ብዬ አስረዳሁ።

«እንግዲህ ሸማኔ የሚያቀርብ ድርጅት ፈልግ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አይደለም። የባሰው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ድርጅት ማግኘት አለማስቸገሩ ነው። አንድ የዝግጅት አሰናጅ ደረሰኙን እሱ እንደሚቆርጥልን፣ ሁለቱን «ተወዳዳሪ» ፕሮፎርማም ራሱ እንደሚያመጣ፣ እኛ አሥር በመቶ ብቻ እንድንተውለት ነገረኝ። ወረቀቱ እንከን የለሽ ይሆን ነበር። እሺ ብል ኖሮ ፋይናንስ ውስጥ አንድም ሰው ጥያቄ አያነሳብኝም። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። እውነተኛውን ሽማግሌ ይዞ የሄደ ይጉላላል፣ ወረቀት ያሳመረ ያልፋል።

አሻፈረኝ አልኩ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ኃላፊው በቃለ ጉባኤ ይፈቀድ አሉ። ቀጥሎ የግብር ጉዳይ መጣ። ያኔ በአዋጅ 979/2008 መሠረት መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ከ3,000 ብር በላይ የአገልግሎት ክፍያ ሲፈጽም 2 በመቶ ይቀንስ ነበር። ተቀባዩ ቲን ነምበር ካላቀረበ ግን የሚቀነሰው 30 በመቶ ነበር። ይህን ለሸማኔው፣ ለጋሼ፣ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ሠላሳው የማን ነው?» አሉኝ። ምን ልመልስ?

ቲን ማውጣት በነፃ ነው፣ እናውጣ ተባባልን። ሄድን። ሲስተም የለም። ተመለስን። ሲስተሙ ሲኖር ደግሞ የአሻራ ማሽኑ የጋሼን ጣት አላነብ አለ። ዕድሜ ልኩን ክር ሲጎትት የኖረ ጣት ነው፣ ጫፉ ለስልሶ አልቋል። ልጅቷ በሶፍት ጠረገችው፣ ውሃ ነካ አደረገችው፣ ተጫነችው። ጋሼ አፍረው ወለል ወለሉን ያያሉ። በስንት መከራ አንዱ አውራ ጣት አነበበ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰኔ ገባ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ግዥ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ይቆማል። ቀሪው ገንዘባችን ወደ ግምጃ ቤት ፈሰስ ሆነ። ከኤምባሲው የመጣ ብር ነው ብል ማን ይስማኝ? «አንዴ ሒሳቡ ውስጥ ገብቷል» አሉኝ። ለለጋሹ የጻፍኩትን ሪፖርት ዛሬም መክፈት አልወድም።

በሁለተኛው ዓመት መንገድ ቀየርን። የቢሮው ደብዳቤ የሚለው ሌላ ነው፣ እኔ ግን ገንዘብ ወደ ትምህርት ቤት ሒሳብ አታስገቡ እላለሁ። በሕግ የተመዘገበ አገር በቀል ድርጅት ፈልጉ። ለጋሹ ለእሱ ይክፈል፣ እሱ ለባለሙያዎቹ በቀጥታ ይክፈል። ትምህርት ቤቱ ስምምነቱ ላይ ይፈርም፣ ዕቃውን ብቻ በሞዴል 19 የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ ይረከብ። በአዋጅ 1113/2011 የድርጅቱ አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ስለዚህ ስንት እንደሚወስድ ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ። ግብሩ ያው አይቀርም፣ ቲኑን ከወርክሾፑ በፊት አስወጡ። የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ስለተሻሻለ ተመኑንም ጠይቁ። ገንዘብ ማፈላለጉን ደግሞ በክረምት፣ ትምህርት ቤቱ ዕቅድ ሲያወጣ ጀምሩ። በኅዳር ከጠየቃችሁ ሁሉም ሰው የሚሰማው ስለ በዓሉ ጭፈራ ነው።

ሥራው ራሱ ግን አላሳፈረንም። የሽመናው ነገር መጀመሪያ አከራከረ። ሸማኔ እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ይፈልጋል፣ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ግቢውን አላስቆፍርም አሉ። ጋሼ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት መሸመኛ አሠርተው መጡ። ልጆቹ ማጉን በቀሰም አጠነጠኑ፣ ቀሰሙን መወርወሪያው ውስጥ ከተቱ። አንድ ዝምተኛ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበር። ድሩ ሲበጠስ ጋሼ መነጽራቸውን እስኪያገኙ ድረስ ቋጥሮ ቀጠለው። አባቱ ሸማኔ እንደሆነ ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር። ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» የሚል ስድብ ባለበት ከተማ ለምን ይናገራል? ከዚያ ቀን በኋላ ግን የጋሼ ረዳት እሱ ሆነ።

ፊላው ደግሞ ርካሹ ነበር። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ዜማው የሚወጣው ሁሉም በተራው ሲነፋ ነው። ቀርከሃ ስላልበቃን የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍበትን የፕላስቲክ ቱቦ በተለያየ ርዝመት ቆራረጥን። አንድ ልጅ የቀረ ቀን ዜማው መሀል ላይ ጎደሎ ይሆናል፣ ልጆቹ ራሳቸው ቀሪውን ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠሩታል። የስም መጥሪያ ይህን ያህል ሠርቶ አያውቅም።

በ2016 የፒያሳ አካባቢ ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ወጣ። ከትምህርት በኋላ ይደረግ የነበረውን ወርክሾፕ ወደ ቅዳሜ ለማዞር ሞከርን፣ ታክሲው ለልጆቹ አልተቻለም። አሁን የሚካሄደው በክወናና ዕይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ጋር ተነጋገሩ እንጂ ቢሮ አትሂዱ። ክርና ምሳውን የቀድሞ ተማሪዎች በቴሌብር ይሸፍናሉ። ለእነሱ ጠቅላላ ብር አንነግራቸውም፣ «የዚህ ወር ክር ማን ይችላል?» ብለን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ እንጽፋለን። አብዛኛውን ጊዜ ሳይመሽ ሰው ይገኛል።