ፊልትሮዬን የጎዳሁት በማጽዳት ነው

ሀረጎ ዳገት ላይ ነው ያፈርኩት። ከኮምቦልቻ ጠጠር ጭኜ ወደ ደሴ ስወጣ፣ ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የምወጣው ኩርባ በሁለተኛም አቃተኝ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ያንባርቃል። በስፖኪዮ ሳይ ሚኒባሱ ራሱ የለም፤ ጥቁር ጭስ ብቻ።

መጀመሪያ ከፍታው ነው አልኩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ግን ቱርቦ ለዚህ አይደል? የሳሳውን አየር ጠቅጥቆ ሞተሩን ያጎርሰዋል። ደግሞ ሀረጎን ስንት ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ ተራራው አላደገ!

ከዚያ ናፍጣውን ጠረጠርኩ። የናፍጣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል አስፈተሽኩ። ብሬ አለቀ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም።

የአየር ፊልትሮውንማ ማን ይጠረጥራል? እንደኔ የሚያጸዳው የለም። የድንጋይ መፍጫው አቧራ ስለሚያስፈራኝ ማታ ማታ አወጣዋለሁ፣ ጎማ ላይ ደብደብ አደርገዋለሁ፣ ጎሚስታው ጋ በኮምፕሬሰር ሙሉ ግፊት አስነፋዋለሁ። ረዳቴ "ነጭ ሆነ" ሲለኝ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ።

ደሴ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ። "አብሽር ልጄ" አሉና ፊልትሮውን ጨለማ ውስጥ ይዘው ገቡ። በውስጡ ባትሪ ሲያበሩ፣ ከእጥፋቱ መሀል እንደ ፀጉር የቀጠነች ብርሃን ወጣች። ከፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ቱቦ ፈተው ጣታቸውን ሰደዱ። ጣታቸው ቡናማ ሆኖ ወጣ። እንደ ሽሮ የላመ አቧራ ነው።

"የፊልትሮውን ወረቀት በድብደባና በንፋት የቀደድከው አንተ ነህ" አሉኝ።

ቱርቦው ሲፈታ የምላጮቹ ጠርዝ ተበልቷል። በደቂቃ እስከ 100,000 ዙር ለሚሽከረከር ነገር አቧራ ማለት የብርጭቆ ወረቀት ነው። ምላጩ ሲበላ የሚገፋው አየር ያንሳል፤ አየር ያጣው ናፍጣ ደግሞ በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ዘንጉም በእጅ ሲነቀነቅ ይላወሳል። ቱርቦው ተቀየረ፣ ከቱርቦ የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርም ወርዶ ታጠበ። ስንት እንደከፈልኩ አትጠይቁኝ።

በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ትንሽ አቧራ የያዘ ፊልትሮ ከአዲሱ ይበልጥ ያጠራል፤ የተጠራቀመው አቧራ ራሱ ደቃቁን ይይዛል። ስለዚህ አሁን ቆሽሿል ብዬ አልከፍተውም። ፊልትሮው መደፈኑን የሚናገረው ጠቋሚ ቀይ ሲያሳይ አዲስ እገዛለሁ፣ በቃ። ከትልቁ ፊልትሮ ውስጥ ያለውን ትንሹን ፊልትሮማ ማንም አይነፋውም፤ ይቀየራል እንጂ።

ሌላም ጥፋት ነበረብኝ። ከፊልትሮው ቤት ግርጌ አቧራ የሚያራግፍ የጎማ ምላስ አለ። የኔ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፌው ነበር። አቧራው መውጫ አጥቶ እዚያው ይከማቻል ማለት ነው። ዛሬ አዲሱን ጠዋት ጠዋት በጣቴ ጨመቅ አደርገዋለሁ፤ አንድ ጭብጥ አቧራ ዱብ ይላል። ከፊልትሮ እስከ ቱርቦ ያለውን ቱቦ ማሰሪያም አጠብቃለሁ። እዚያ ጋ ስንጥቅ ካለ ድምፅ አያሰማም፤ ዝም ብሎ አቧራ ይስባል። ከቱርቦ ወዲያ ያለው ግን ሲሰነጠቅ ያፏጫል፣ ያሳብቃል።

ሀረጎን አሁን በሦስተኛ እወጣለሁ። ረዳቴ ግን እስካሁን አላመነም፤ ጎሚስታው ጋ ስንደርስ "ትንሽ እንንፋው እንዴ?" ይለኛል።