ያጸዳሁ መስሎኝ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ፣ ከፈረሰው ሰፈራችን ብዙም በማይርቅ ቡና ቤት ከአብሮ አደጎቼ ጋር ተቀምጠን ማኪያቶ ስንጠጣ፣ አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሜሪካ ውስጥ ሰው ጥይቱን እቤቱ ይሠራል የሚባለው እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እውነት መሆኑን፣ የተተኮሰ ቀለህ መልሶ መሙላት በዚያ አገር ብዙ ጡረተኞች የሚውሉበት ሕጋዊ የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን ነገርኩት። ሌላው ቀበል አድርጎ «ታዲያ ማሽኑ ሻንጣ ውስጥ አይገባም እንዴ?» ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን የዚያ ማሽን ነገር ሲነሳ ከመሳቅ ይልቅ አንገቴን መድፋት ይቀናኛል፤ ምክንያቱን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ቨርጂንያ እንደደረስኩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የኖርኩት ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንድ ጡረተኛ አሜሪካዊ ቤት ውስጥ፣ ምድር ቤቱን ተከራይቼ ነው። ቤዝመንት መከራየት ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው ማብራራት አይጠበቅብኝም። የእኔውን ልዩ የሚያደርገው ከአልጋዬ ራስጌ፣ ከስስ ግድግዳ ወዲያ የሽማግሌው የሥራ ጠረጴዛ መኖሩ ነበር። (በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እሳቸውም በስማቸው ብቻ እንድጠራቸው ይወተውቱኝ ነበር፤ ነገር ግን በአማርኛዬ አንተ ልላቸው አልችልም።) ጠረጴዛው ላይ ባለ ረጅም እጀታ ፕሬስ፣ ማለትም ቀለሁን ተጭኖ ወደ ዳይ የሚያስገባው ማሽን፣ በብሎን ታስሮ ቆሟል፤ ከበላዩ ባለው መደርደሪያ ደግሞ አረንጓዴና ቀይ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ በየሳጥኑ እነዚሁ ዳይ የሚሏቸው ወፋፍራም የብረት ቱቦዎች አሉ። ቀለህ ሲተኮስ ስለሚለጠጥ ወደ ልኩ የሚመልሰው ዳዩ ነው፤ ለጠመንጃ ጥይት ብዙውን ጊዜ ሁለት፣ ለሽጉጥ ሦስት ዳይ በአንድ ሳጥን ይቀመጣል፤ እያንዳንዱም ተራው ሲደርስ የፕሬሱ አናት ላይ ይጠመዘዛል።

ሽማግሌው ቀለህ አይጥሉም። መጀመሪያ ላይ ይህ ቆጣቢነት አስቆኝ ነበር፤ ቁርሳቸውን በማይክሮዌቭ አሙቀው በወረቀት ሳህን የሚበሉ፣ ሳህኑንም ወዲያው የሚጥሉ ሰው፣ የጣት ቁመት ለማይሞላ ናስ ጎንበስ ብለው ሣር ውስጥ ይፈልጋሉ። በኋላ ግን እኛም ከዚህ የራቅን አለመሆናችን ትዝ አለኝ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን መገበያያ ነበር፤ አያቴም ኩሏን የምታኖረው አፉ በእንጨት በተወተፈ ቀለህ ውስጥ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ሲሉ፣ ጠረጴዛውን ባስተካክልላቸው የወሩን ኪራይ ግማሽ እንደሚተዉልኝ ነገሩኝ። «ይህን ዕቃ ታውቀዋለህ?» ብለው ሲጠይቁኝ የመለስኩት «አባቴ ቶርኖ ቤት ነበረው» የሚል ነው። ይህ ውሸት አልነበረም፤ መልስም ግን አልነበረም። አባቴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቀርጽ የኖረ ባለሙያ ነው፤ ዳዶውን፣ ብሎኑን፣ የተሰበረ ቁልፉንና የሸሚዝ አዝራሩን ግን ሁሉንም በአንድ የኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር የሚያጠራቅመው፤ የፈለገውን በጣቱ አማስሎ ያወጣል። እኔ የወረስኩት ኩራቱን ነው እንጂ ጣቱን አልነበረም።

ሥራውን በወኔ ጀመርኩ። ዳዮቹን ሁሉ አውጥቼ በኬሮሲን አጠብኳቸው፣ በጨርቅም እስኪያብረቀርቁ ወለወልኳቸው። ቀጥሎ ዓይኔ ያረፈው በየዳዩ ወገብ ላይ በተጠመዘዙት ቀለበቶች ላይ ነው። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ቆሟል፤ አንዳንዱማ በቆመበት ከፍታ የተነሳ የሳጥኑን ክዳን አላዘጋ ብሏል። ይህ ሁሉ የሽማግሌው መዘናጋት መሰለኝ። በየቀለበቱ ጎን ያለችውን ቅንጣት የምታህል ብሎን በቀጭን መፍቻ እያላላሁ፣ ሁሉንም ወደ ታች አውርጄ በአንድ ቁመት አሰለፍኳቸው፤ ሳጥኖቹም ያለ አንዳች ችግር ተዘጉ። በመጨረሻ የቀለህ መያዣዎቹን፣ ማለትም የቀለሁን ግርጌ ነክሰው ፕሬሱ ላይ የሚይዙትን ክብ ብረቶች፣ በላያቸው በተቀረጸው ቁጥር ለየኋቸው፤ 1ን ከ1፣ 2ን ከ2፣ 3ን ከ3 ጋር። ማታ ላይ ጠረጴዛው የክብር ዘብ ሰልፍ ይመስል ነበር፤ ፎቶ አንስቼም ለእህቴ ላክሁላት።

ሽማግሌው እሑድ ማታ ተመልሰው አንዱን ሳጥን ከፈቱ፤ ዳዩን ወደ መብራቱ አስጠግተው ቀለበቱን አዩት። ሁለተኛውን ከፈቱ፤ ሦስተኛውንም። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው «ቆንጆ ነው» አሉ። አበሻ ቢሆኑ ኖሮ ይጮሁብኝ፣ እኔም እግራቸው ላይ ወድቄ፣ ጎረቤት ገብቶ ባስታረቀን ነበር። አሜሪካዊ ሲናደድ ግን ያመሰግንሃል፤ ያንን ምስጋና እንዴት እንደሚቀበሉት የሚያስተምር ኦሪየንቴሽን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ከዚያ አንድ ረጅም ቀለህ አንስተው መያዣውን እንድፈልግላቸው ጠየቁኝ። ሠላሳ-ኦት-ሲክስ የሚሉት ነው፤ ሠላሳው የአረሩን ስፋት በግምት በመቶኛ ኢንች፣ ስድስቱ ደግሞ የአሜሪካ ጦር ሥራ ላይ ያዋለውን እ.ኤ.አ. የ1906 ዓመት ያመለክታል። ይህን እንኳ አውቅ ስለነበር፣ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ኮሪያ ላይ የያዙት ኤም ዋን ጠመንጃ የሚጎርሰው ይህንኑ ጥይት እንደነበር በኩራት ነገርኳቸው። «በጣም ጥሩ» አሉ፤ «መያዣው ግን የትኛው ነው?» ለዚህ አንድ ቀለህ መያዣው በአርሲቢኤስ አሠራር ቁጥር 3፣ በሊ ቁጥር 2፣ በሆርናዲ ቁጥር 1 ነው። ቁጥሩን እያንዳንዱ አምራች ለራሱ ያወጣው በመሆኑ፣ እኔ 2ን ከ2 ጋር ሳጋባ የማይተዋወቁ ሰዎችን ነበር የዳርኩት። የሚገርመው፣ እነዚሁ ፋብሪካዎች በዳዩ ጥርስ ላይ ተስማምተዋል፤ ውፍረቱ 7/8 ኢንች፣ ጥርሱም በአንድ ኢንች 14 ስለሆነ የአንዱ ዳይ የሌላው ፕሬስ ላይ ይገባል። በትልቁ ተስማምተው በትንሿ ቁጥር መለያየታቸው አንዳንድ የማውቃቸውን የዕድር ኮሚቴዎች ያስታውሰኛል።

ከሁሉ የከፋው ግን የቀለበቶቹ ነገር ነበር። ቀለበቱ ዳዩ ፕሬሱ ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ መቆም እንዳለበት የሚያስታውስ ምልክት ነው፤ ባለቤቱ አንዴ ለክቶ ካሠረው በኋላ በየጊዜው መለካት ሳያስፈልገው ዳዩ እዚያው ቦታ ላይ ይቆምለታል። በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ማለት ደግሞ አንድ ሙሉ ዙር ዳዩን ወደ 1.8 ሚሊሜትር ያንቀሳቅሰዋል ማለት ነው፤ ሩብ ዙር እንኳ ግማሽ ሚሊሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ በዚህ ሥራ ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ትልቅ ርቀት ነው፤ ቀለሁ ጠመንጃው ውስጥ አልገባም እንዲል ይበቃል። እኔ በአንድ ቅዳሜ ያሰለፍኩት ሽማግሌው በብዙ ዓመታት ለክተው ያሠሩትን ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል ሌሊት ሌሊት የፕሬሱ እጀታ ሲወርድና ሲነሳ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ከምድር ቤት በታች ግን የምገባበት አልነበረኝም።

ውርደቱ በዚህ አላበቃም። በቨርጂንያ በጋ ምድር ቤት ይረጥባል። ዳዮቹን አጥቤ ዘይት ሳልቀባ መመለሴን ማንም ያወቀው አልነበረም፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን አንዱ ዳይ ላይ አውራ ጣቴ ከነመስመሮቹ በዝገት ታትሞ ተገኘ። ፖሊስ እንኳ እንደዚያ አጥርቶ አሻራ አያነሳም።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ እኔን ከማባረር ይልቅ አጠገባቸው አስቀምጠው አብረን እንድንመልሰው አደረጉ። ተለክቶ የታሠረ ቀለበት ሁሉ ከቀለበቱ እስከ ዳዩ የሚዘልቅ ቀይ መስመር ይሰመርበታል፤ ማንም ቢያላላው መስመሩ ስለሚሰበር ወዲያው ይታወቃል። ቀለሙ የሟች ባለቤታቸው የጥፍር ቀለም ነበር፤ ጠርሙሱ እስኪደርቅ ድረስ በሌላ አልለወጡትም። በየሳጥኑ ውስጥ የጠመንጃው ስም፣ የቀለህ መያዣው አምራችና ቁጥር የተጻፈባት ካርድ ትገባለች፤ መያዣውም ከወንድሞቹ ሳይሆን ከዳዩ ጋር ያድራል። ዳዩ በስሱ ዘይት ይነካና፣ ከሥራ በፊት ደግሞ ይጠረጋል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምንወረውራት «አይበላም» የምትል ከረጢት እርጥበት ትስብ ዘንድ በየሳጥኑ ትቀመጣለች። ባሩዱንና እሱን የሚያቀጣጥለውን መለኮሻ ግን አንድም ቀን እንድነካ አልፈቀዱልኝም፤ ሁለቱም ከመጡበት ዕቃ ሳይወጡ፣ ከዘይትና ከሙቀት ርቀው በተለየ ቁምሳጥን ነበር የሚቀመጡት። የኒዶ ቆርቆሮ ሐሳብ ይዤ ወደዚያ ባለመቅረቤ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

ፕሮሰስ ጀምራችሁ ቀጠሮ የምትጠብቁ ወንድሞችና እህቶች፣ እዚያ አገር «ታውቀዋለህ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ «አዎ» ማለት እንጀራ የሚያበላ ይመስላችኋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። «አሳየኝ» ያለ ሰው ግን የሚናቅበት አገር አይደለም፤ የሚናቀው የሰው ዕቃ ሳይጠይቅ ያሳመረው ነው። ማሽኑን በሻንጣ አምጣልን ላለኝ ወዳጄም መልሴ አጭር ነው፦ የጦር መሣሪያና የጥይት ጉዳይ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ነው፤ ቨርጂንያ የጡረተኛ መዝናኛ የሆነው ቦሌ ሲደርስ የወንጀል መዝገብ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ደግሞ ቀለህም ቢሆን በሻንጣዬ አልይዝም።

ከዚያ ቤት ስለቅ ሽማግሌው የሰጡኝን አንዲት ትርፍ ቀለበት ብቻ ከቁልፌ ጋር ይዤ እዞር ነበር። ትናንት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ እስከ ዛሬ ቶርኖ ላይ የሚቆሙትን፣ ልጆቹ ሁሉ ጋሼ የምንላቸውን የአባቴን ባልደረባ ልጠይቅ ስሄድ፣ ቀለበቷን አይተው ከቁልፉ አስፈቱኝ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የጥርስ መለኪያቸውን ምላሶች አንድ በአንድ ከሞከሩ በኋላ «ይሄ በሚሊሜትር የተቆረጠ አይደለም፤ ኢንች ነው» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ አሥራ አራት ነው» አልኳቸው። «የምን መኪና ነው?» ብለው ሲጠይቁኝና እኔም ታሪኩን ከየት ልጀምር ብዬ ሳስብ ደንበኛ መጣባቸው፤ ጋሼም «ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ይፈለጋል» እያሉ ቀለበቷን ከጎናቸው ካለው የኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ ከዳዶዎቹ ጋር ጣሏት። መልሱልኝ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።