እስቲ ደውዪልኝ

ባለፈው ነሐሴ ለፍልሰታ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። ዝናብ፣ ጉም፣ ጭቃ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው ቢባልም ብርዱን ለሚያውቅ ሌላ አገር ነው። ገና ጃኬቴን ሳላወልቅ ጋሼ (የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው) ስልካቸውን ከበርኖሳቸው ሥር አወጡና "እስቲ ደውዪልኝ፣ ይሠራ እንደሆነ ልየው" አሉኝ። ደወልኩ። ጮኸ። "ደኅና ነው" ብለው መልሰው ከተቱት። እኔም ረሳሁት።

ጋሼ ቀልደኛ ናቸው። ሥራቸው ነው ማለቴ ነው፣ ጠባያቸውማ ቆጣ ያለ ነው። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ገብተው ጭውውት ይሠሩ ነበር። ኪነቱ ሲበተን ሠርግ ላይ መጠራት ጀመሩ፤ ከደብረ ሲና እስከ መሐል ሜዳ፣ ሙሽራው ሳይመጣ በፊት እሳቸው መጥተዋል ወይ ይባል ነበር ትላለች እናቴ፣ እሷ ትንሽ ታጋንናለች እንጂ። ክፍያው አንዳንዴ ብር ነው፣ አንዳንዴ በግ፣ አንዳንዴ ደግሞ ምሳና አረቄ ብቻ። አሁን ሠርጉን ዲጄ ይዞታል።

በማግስቱ ማታ መብራት ሄደ። ላፕቶፔ ላይ አንድ ዘጋቢ ፊልም አውርጄ ነበር፣ ስለ አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን ስለ ጆአን ሪቨርስ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ነው። ሪኪ ስተርንና አኒ ሰንድበርግ የተባሉ ሁለት ሴቶች፣ 75 ዓመት ከሞላት በኋላ አንድ ዓመት ያህል እግር በእግር እየተከተሉ የቀረጿት። ጋሼ እንግሊዝኛ አይሰሙም። እኔ እየተረጎምኩ፣ ባትሪው እስኪያልቅ እንይ ብለን ተቀመጥን።

ፊልሙ የሚጀምረው ፊቷ ላይ ነው። ምንም ሳትቀባ፣ ካሜራው ቆዳዋን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ።

"ፊቷን ምን ነካት?" አሉ ጋሼ።

"በቀዶ ሕክምና አሳድሳው ነው።"

"እንደ ኪራይ ቤት?"

የዚያን ማታ የመጀመሪያው ሳቅ የእሳቸው ነበር፣ የሷ አይደለም። የሷን መተርጎም ከባድ ነው። ሴትዮዋ አፏ አይገደብም። መድረክ ላይ የምትለውን ለእናቴ ወንድም በአማርኛ የምለው እኔ ነኝ እንዴ? "የሆነ ነገር አለች" እያልኩ ሳልፍ፣ "ፊትሽ ቀልቷል፣ እንግዲያው ዋናው እሱ ነው ያመለጠኝ" አሉኝ።

ከዚያ የቀጠሮ ደብተሯ መጣ። ጆአን ባዶውን ገጽ ገልጣ ታሳያለች። ነጭ ወረቀት። ፍርሃት ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ ብላ ነው የምታሳየው። ማንም አይፈልገኝም፣ ሁሉም ረስቶኛል ማለት ነው ለሷ። ይሄ ሁሉ ወርቅ ቅብ ቤት፣ ይሄ ሁሉ ሠራተኛ፣ በ75 ዓመቷ የሚያስፈራት አንድ ያልተጻፈበት ገጽ ነው። ጋሼ ምንም አላሉም። ተነስተው ኩራዙን አስተካከሉ፣ ኩራዙ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

በጣም የገረማቸው የጆኒ ካርሰን ታሪክ ነው። አሳጥሬ ነገርኳቸው። ካርሰን የማታው ሾው ንጉሥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ሾው ላይ አቀረባት፣ ገና ያኔ ትልቅ ትሆኛለሽ አላት፣ ሆነችም። በ1983 እሱ በሌለ ቀን ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው ቋሚ ተተኪ እሷ ሆነች። በ1986 ሌላ ጣቢያ የራሷን ሾው ሲሰጣት ግን ተቀየማት። ደወለችለት፣ ስልኩን ዘጋባት። በ2005 እስኪሞት ድረስ አላናገራትም። ሾውዋ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከእጇ ወጣ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ባሏ ኤድጋር ራሱን አጠፋ።

ጋሼ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና "ሽማግሌ አልላከችም?" አሉ።

ምን ይባላል? ፊልሙን ለሌሎችም አሳይቼ አውቃለሁ፣ ይሄን የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። እሳቸው ቀጠሉ፣ አለቃ ገብረ ሐና ስንት ጊዜ እቴጌ ጣይቱን አስቀይመው ስንት ጊዜ በአማላጅ ተመለሱ እንደሚባል፣ ቀልደኛ ማለት ጌታውን ማስቀየሙ እንደማይቀርና አስታራቂ ቀድሞ ማዘጋጀት እንዳለበት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ደህና ሽማግሌ ከጠፋ አሜሪካ ምን አገር ነው እያሉ ባትሪዬን ጨረሱት ማለት ይቻላል። ለካርሰን አዘንኩ አሉ ደግሞ። እኔ አላዘንኩለትም።

አንድ ትዕይንት ላይ ብቻ ተጣላን። ዊስኮንሲን ውስጥ መድረክ ላይ ናት። ስለ ሄለን ኬለር ትቀልዳለች፤ ዓይነ ስውርም መስማት የተሳናትም የነበረችው ጸሐፊ። ከተመልካቹ አንድ ሰውዬ ይነሳና የማይሰማ ልጅ ላለው ሰው ይሄ አያስቅም ብሎ ይጮኻል። እሷም አትለቀውም፣ የኔም እናት አትሰማም ነበር፣ ቀልድ የተፈጠረው በሁሉም ነገር እንድንስቅ ነው ብላ ትሞልጨዋለች። በኋላ ግን ለሰውዬው ታዝንለታለች። እኔ ልክ ናት አልኩ። ጋሼ አይደለችም አሉ። እሳቸው ሠርግ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማን ሐዘን ላይ እንዳለ፣ ማን ልጅ እንደሞተበት፣ ማን ከማን እንደተጣላ መጠየቅ ነበር። "ከዚያ ነው አፌን የምከፍተው።" አሁን ሳስበው ሁለቱም ልክ ናቸው። እሷ ነገ ለማታገኘው ሰው ነው የምትቀልደው። ጋሼ ግን በማግስቱ ያንን ሰው ገበያ ላይ ያገኙታል።

የመሳቢያዎቹን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጆአን ቀልዶቿን በሙሉ በትንንሽ ካርድ ላይ ጽፋ፣ እንደ ቤተ መጻሕፍት በርዕስ ለይታ፣ በብረት መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣለች። የስንት አሥርት ዓመት ቀልድ። ይሄ ነው ያስቀናኝ፣ ቤቷ አይደለም። የኛዎቹስ? የነደረጀና ሀብቴ የበዓል ፕሮግራም፣ የነተስፋዬ ካሳ የቀልድ ካሴት አለ። አለባቸው ተካን የመኪና አደጋ በአጭሩ ቀጠፈብን። ከካሜራ ርቀው፣ በየገጠሩ ሠርግ ሲያስቁ የኖሩት ግን ካርድም ካሴትም የላቸውም። በሳቀው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያሉት፣ እሱም እያረጀ ነው።

ስለዚህ ጠዋት ደብተር ገዛሁ። ባለ 50 ሉክ። "ጋሼ፣ ይንገሩኝ ልጻፍ" አልኳቸው። የብርድ ልብሱን ነገሩኝ፣ የታወቀች ቀልዳቸው ናት። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ የሰረቀ ሌባ ችሎት ይቀርባል። ዳኛው "የሰረቅከውን የት አደረስከው?" ይሉታል። "ለብሼዋለሁ፣ ጌታዬ።" ዳኛው ወዲያ ያያሉ፣ ወዲህ ያያሉ፣ ከዚያ "እስቲ ጠጋ በል፣ ችሎቱ ይበርዳል።"

ጻፍኩት። አነበብኩት። አያስቅም! ጋሼ ሲናገሩት "ወዲህ ያያሉ" የምትለዋ ላይ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ትከሻቸውን አጥበው፣ አፍንጫቸውን እንደ በረደው ሰው ሳብ ያደርጋሉ። ያ ዝምታ ምን ተብሎ ይጻፋል? አራት ቀልድ ጽፌ ደብተሩን ዘጋሁት። በስልኬ ልቅረጽዎት ስላቸው ደግሞ ኮስተር አሉ፣ ማን ሊስቅ ነው ብለው። ባዶ ክፍል አይሠሩም።

ሲሸኙኝ መናኸሪያ ድረስ መጡ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን "አሁን ያቺ ሴትዮ የት ናት?" አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 እንደሞተች፣ 81 ዓመቷ እንደነበር ነገርኳቸው። እዚያው በካርሰን የድሮ ሾው ላይ ከብዙ ዓመት በኋላ አዲሱ አቅራቢ ጂሚ ፋለን እንደጋበዛት ስነግራቸው ደስ አላቸው፣ "አየሽ፣ ታረቀች" አሉ።

"ደብተሯስ? ሞልቶ ነበር?"

ለጉሮሮዋ ሕክምና ከመግባቷ በፊት በነበረው ማታ እንኳን ኒውዮርክ ውስጥ መድረክ ላይ ነበረች፤ ከዚያ ሕክምና ነው ያልተመለሰችው። ይህንንም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልካቸውን አወጡ።

"እስቲ ደውዪልኝ።"

አንድ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመናል። ደወልኩ። አላነሱም፣ ሦስቴ አራቴ አስጮኹት፣ ረዳቱም ተሳፋሪውም ዞሮ እስኪያያቸው። ከዚያ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ የመድረክ ድምፃቸውን አውጥተው፦

"ሃሎ! ማን ልበል? ... ሠርግ? መቼ? ... ጥር 21? ኧረ አይሆንም እመቤቴ፣ ጥር 21ን ቀድመው ይዘውኛል።" ወዲያ አዩ። ወዲህ አዩ። "22 ከሆነ ግን እስቲ ደብተሬን ልየው።"