ቤንዚን የማይበላው ክሊር ፍለጋ

ሞዴል ጀልባዬ 90 ሴንቲ ሜትር ናት። አካሏ ኮምፔርሳቶ ነው። ሞተሯን ያወጣሁት ከአሮጌ የሣር ማጨጃ ነው፤ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚጠጣ ቱ ስትሮክ። ከድሬዳዋ ሐሮማያ ሐይቅ ድረስ ይዣት ወጣሁ። ያ ሐይቅ ደርቆ ሜዳ ሆኖ ያየ ሰው፣ ውሃው ተመልሶ ጀልባ ሲያንሳፍፍበት የሚሰማውን ያውቀዋል።

ነዳጅ ስሞላ ትንሽ ፈሰሰ። በጨርቅ ጠረግኩት። ላዩ እንደ ማስቲካ ተዝለገለገና ቀዩ ቀለም ከጨርቁ ጋር አብሮ መጣ። የሁለት ወር ሥራ ነበር። በጣም አዘንኩ።

ከቀለሙ ላይ የቀባሁት በቆርቆሮ የሚሸጠውን የሚረጭ ክሊር፣ ማለትም ቀለሙን የሚሸፍን ግልጽ ቅብ ነበር። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ የመኪና ቀለም ቀቢ ጋ ወሰድኳትና አሳየሁት። «አቦ፣ ይሄ እኮ ቲነሩ ተንኖ ነው የደረቀው» አለኝ። «ቲነር ያሟሟውን ቤንዚንም ያለሰልሰዋል። ሃርድነር ያለው ነው የሚያስፈልግህ።» ሃርድነር ማጠንከሪያ ነው፤ ባለሁለት ክፍሉ ክሊር ከሃርድነሩ ጋር ተያይዞ ሌላ ነገር ይሆናል። ከዚያ በኋላ አይሟሟም።

አመንኩት፤ ግን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። አራት ቁራጭ ኮምፔርሳቶ አዘጋጀሁ። አንዱን በሚረጨው፣ አንዱን በእንጨት ቫርኒሽ፣ አንዱን ኢፖክሲ በሚባለው ተቀላቅሎ በሚጠነክር ሙጫ፣ አንዱን በባለሁለት ክፍሉ ቀባሁ። በራሴ ድብልቅ ነዳጅ የራሰ ጥጥ አስቀመጥኩባቸው። እንዳይተን በጠርሙስ ክዳን ከደንኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጥፍሬ ጫርኳቸው። የሚረጨው ተላጠ። ቫርኒሹ ተሸበሸበ። ኢፖክሲው ጸና፤ ነገር ግን ጣራ ላይ ያሰጣሁት ቁራጭ በድሬ ፀሐይ ቢጫ ሆነ። ባለሁለት ክፍሉም በማግስቱ ስሞክረው ጠባሳ ያዘ! ሳምንት ቆይቼ ስደግመው ግን ምንም አልሆነም። እጅ ላይ ስላልጣበቀ ብቻ በስሏል ማለት አይደለም።

አቀባቡ ላይ ሙቀቱ ፈተነኝ። የእኔ ክሊር ሁለት እጅ ለአንድ እጅ ሃርድነር ነው የሚቀላቀለው፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማየት ግድ ነው። እኩለ ቀን ላይ ስረጨው ላዩ ቶሎ ቆዳ ያዘ፤ ውስጡ የቀረው ቲነር ሲወጣ መርፌ የወጋው መሰለ። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ቀጣዩን ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ አቧራው ሳይነሳ፣ መሬቱን ውሃ ረጭቼ፣ ቀስ ብሎ በሚተን ቲነር፣ ስስ ስስ አድርጌ ሦስት ጊዜ ረጨሁ። እንደ መስታወት ወጣ።

አደራ የምለው ስለ ሳንባ ነው። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አስም ያስይዛል። የጨርቅ ማስክ አያድንም። የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ካርትሪጅ ያለው ማስክ፣ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። ሥራው ደግሞ ደጅ፣ ልጆች በሌሉበት ይሁን። ማስክ ካልተገኘ ለባለሙያ መስጠት ነው።

አሁን ውጪዋ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ሞተሩ የተቀመጠበት ጣውላ ነው። መጀመሪያ ሳልቀባው ቀርቼ ዘይት ጠጥቷል፤ ዘይት የጠጣ እንጨት ላይ ምንም ቀለም አይዝም። በሚቀጥለው ሳምንት ቆርጬ አውጥቼ፣ አዲሱን ከነጠርዙና ከነብሎን ቀዳዳው በኢፖክሲ አጠጥቼ እገጥመዋለሁ።