ፈንግልና የመንደር ዶሮዎቻችን ክትባት

ፈንግል የተባለው በቫይረስ የሚመጣ የዶሮ በሽታ ወደ አንድ መንደር ከገባ ወዲያ ባለሙያ ተጠርቶ ቢመጣም የሚያተርፈው ዶሮ ጥቂት ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጠማዘዝና የክንፍ መውደቅ ከታየ በኋላ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ከሱቅ የሚገዛው አንቲባዮቲክም በሽታውን አይነካውም።

ክትባቱ ግን አለ። በእርባታ ጣቢያዎች በብዛት የሚሰጡት ኤችቢዋንና ላሶታ የተባሉት ክትባቶች ሕያው ቫይረስ የያዙ ስለሆኑ ከማምረቻው እስከ ዶሮዋ ድረስ ቅዝቃዜ ሊቋረጥባቸው አይገባም፤ መብራት በሌለበት ቀበሌ ደግሞ ይህ እጅግ ከባድ ነው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ስፕራድብሮውና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት፣ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋምም የሚመረተው አይ-ቱ የተባለው ክትባት ግን ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማል። ይህ ማለት ግን ፀሐይ ላይ ይዋል ማለት አይደለም።

እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ የብልቃጡ መጠን ነው። አንዱ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለመቶና ከዚያ በላይ ለሆኑ ዶሮዎች የሚበቃ ሲሆን፣ አንዲት እናት ያላቸው አምስት ወይም ስድስት ዶሮ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ለሌላ ሳምንት አይቀመጥም። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ በአንድ ቀን ካላስከተበ፣ ለጨውና ለልጆች ደብተር መግዣ የሚሆነው የእናቶች ገንዘብ በየዓመቱ በበሽታው ማለቁ አይቀርም። የቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ክትባቱን ከመስጠቱ ይልቅ ቀጠሮ በማስያዙ ላይ ቢበረቱ የተሻለ ውጤት ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

አሰጣጡ ቀላል ነው። ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ማልዶ መያዝ ያስፈልጋል፤ ዶሮዋን በጎኗ አስተኝቶ አንድ ጠብታ በአንድ ዓይኗ ላይ ማድረግ፣ ዓይኗን አርገብግባ ጠብታው እስኪሰርግ ድረስም አለመልቀቅ ነው። በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ስለሚገድለው አይሆንም።

በሽታው በክረምት መግቢያ ስለሚበረታ በሚያዝያ መከተብ ይመረጣል፤ መከላከያው ለመዳበር አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋልና። በየአራት ወሩ መደገምም አለበት፣ ምክንያቱም ከክትባቱ በኋላ የተፈለፈሉት ጫጩቶች ሳይከተቡ ያድጋሉ። የታመመችውን ዶሮ ሳትሞት ለመሸጥ ገበያ ማውጣት፣ በተለይ በበዓል ሰሞን፣ ቫይረሱን ወደ ሌላው መንደር ማድረስ ስለሆነ እባካችሁ ተዉት።